ነጭ ሽንኩርትና የእሑድ ስብሰባ

ነጭ ሽንኩርት ጥሬውን የሚበላ ጎረቤት ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ በደርግ ጊዜ ጉለሌ ስኖር ጋሽ ወርቁ ነበሩልኝ። በየማለዳው ወቅጠው ይበላሉ። "አብስለው ቢበሉትስ?" ብላቸው አዘኑልኝ።

"ልጄ፣ መድኃኒቱ እኮ ሲወቀጥ ነው የሚፈጠረው። ያ የሚሸትህ እሱ ነው። ጀርሙ ውስጥ ይገባና ሥራ ያስፈታዋል፤ መራባት ያቅተዋል። እሳት ካየ ግን ወጥ ነው።"

ሳይንሱ ልክ ነው፤ አልተከራከርኩም። ጣጣው የእሑዱ የቀበሌ ስብሰባ ነው። የቀረ ሰው ስኳር ስለማይሰጠው ሁላችንም እንሄዳለን፤ እሳቸው የተቀመጡበት አግዳሚ ላይ ግን ማንም አይቀመጥም።

አንድ እሑድ ዘግይተው መጡና ከሊቀመንበሩ አጠገብ በቀር ቦታ ጠፋ። ሊቀመንበሩ አንዴ ንግግር ከጀመረ ምሳ ሰዓት ቢያልፍም የማያቆም ሰው ነው። ጋሽ ወርቁ ጥያቄ ሊጠይቁ ጠጋ ብለው አፋቸውን ከፈቱ። ሰውየው መሐረቡን አፍንጫው ላይ አድርጎ "ቀሪውን ለሳምንት" አለና ተነሳ።

በሳምንቱ ጠዋት የሰፈሩን ሰው ነጭ ሽንኩርት ይዞ ጋሽ ወርቁ በር ላይ አገኘሁት። መድኃኒት ሊወስድ የመጣ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ያመጣው ለእሳቸው ነው።

"ደህና አድርገው ይውቀጡት፣ ጋሽ ወርቁ" ይሏቸዋል አንዲት እናት። "የዛሬው ንግግር ረጅም ነው አሉ።"