አያታችንን ቁርጥ

አራስ ቤት ገብቶ፣ ሕፃኑ ማንን እንደሚመስል ሳይናገር እህል የማይቀምስ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ካልገጠማችሁ እኔን እዩኝ።

ካርቱም ወልዳ የተኛችውን ታናሽ እህቴን ልጠይቅ ሄድኩላችሁ። ካላክላ የሚባለው ሰፈር፣ ቤቷ ስደርስ ግቢው ውስጥ አልጋ ላይ አንድ ሕፃን ተኝቷል። ሻንጣዬን ወርውሬ ብድግ አደረግኩትና እልልታዬን አቀለጥኩት። «ግንባሩ! አፍንጫው! አያታችንን ቁርጥ! የእኛ ዘር መቼ ይደበቃል?»

እህቴ ጨቅላ ታቅፋ ከጓዳ ብቅ አለች። «እትዬ፣ እሱማ የጎረቤቴ የፋጡማ ልጅ ነው። የእኔዋ ይቺ ናት።»

ከጎን ክፍል የወጣችው፣ አማርኛ የማታውቀው ፋጡማ ግን እልልታው ደስ ብሏት፣ በዐረብኛዋ «ተፈደሊ!»፣ ብይልኝ እያለች የሰሊጥ ዘይት የፈሰሰበት ፉል አቀረበችልኝ። ከዚህ ወዲያ ምን ይባላል? በትኩስ ዳቦ እየዛቅሁ ዝም ብዬ ጎረስኩ። እንዴት ይጣፍጣል መሰላችሁ! አፍ በፉል ሲሞላ ደግሞ አይቀባጥርም።

እህቴ ዐይኗ እንባ አቀረረ። «ምነው ዝም አልሽ? የእኔ ልጅ ማንንም አትመስልም?»

ጉርሻዬን ዋጥኩና ሕፃኗን አየኋት። ያው የተጨማደደች ጨቅላ ናት። ምን ላድርግ?

«አያታችንን ቁርጥ!» አልኳት።

ነፍሳቸውን ይማርና፣ አያታችን በአንድ ቀን፣ በአንድ ግቢ፣ ሁለቴ ተወለዱ።