ያሸነፍኩበት ቲሸርት

በእኛ አገር ቲሸርትን ከልብስ የሚቆጥር ሰው አገሩን ገና አላወቀም። ቲሸርት ሰነድ ነው። የአንድን ቤተሰብ ታሪክ ማጥናት የፈለገ ሰው የቀበሌ መዝገብ ከሚያገላብጥ ቅዳሜ ረፋድ ላይ የልብስ ማስጫ ገመዳቸውን ቢመለከት ይሻለዋል። አባትየው የወባ ዘመቻ ላይ እንደዋሉ፣ ትልቋ ልጅ ከዩኒቨርሲቲ እንደተመረቀች፣ አጎትየው የማይመለከታቸውን ሥልጠና ሦስት ቀን ሙሉ ተቀምጠው አበላቸውን ይዘው እንደወጡ፣ ሁሉም ገመድ ላይ ተሰጥቶ ይነበባል። እንጭኒ ገበያ ላይ አንድ ገበሬ "አቅም ግንባታ" የሚል ቲሸርት ለብሰው እምቢ ያለ በሬ ሲጎትቱ አይቻለሁ። ሥልጠናውን የወሰደው ሌላ ሰው እንደሆነ ያስታውቃል፤ እሳቸው አቅሙን ከየት እንዳመጡት እንጃ።

ለመሆኑ ይህን ሁሉ ቲሸርት የሚነድፈው ማን ነው ብላችሁ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ጤነኛ ሰው አይጠይቅም። እኔ ጠየቅኩ። መልሱም አምቦ ላይ አንድ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ጠበቀኝ። የቲሸርት ዲዛይን ውድድር ስለተዘጋጀ ማንኛውም ፍላጎት ያለው ሰው መሳተፍ ይችላል ይላል። ፍላጎት ያለው ሲል እኔን ለይቶ የጠራኝ መሰለኝ።

ሥራዬ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። ፋይል አወጣለሁ፣ ፋይል እመልሳለሁ፣ የጠፋውን ደግሞ "እየተፈለገ ነው" እላለሁ። ከዕለታት አንድ ቀን ኮምፒዩተር ተሰጠኝ። የሰጡኝ ደብዳቤ እንድጽፍበት ነበር፤ እኔ ግን ባለጉዳይ በሌለበት ሰዓት መሳል ጀመርኩ። መምህሬ ዩቲዩብ ነው፤ እሱም ኔትወርክ ሲፈቅድ ነው የሚያስተምረው። ስለዚህ ስለ ቀለም ብዙ አውቃለሁ፤ ስለ ፊደል አጣጣል ትምህርቱ መሐል ላይ ስለተቋረጠ ግማሹን ብቻ ነው የማውቀው።

ከሁሉም በላይ የልብ ልብ የሰጠኝ ገመቹ ነው። ገመቹ የአከራዬ የአዴ ጫልቱ ልጅ ነው። መናኸሪያው አጠገብ ባለ አንድ ማተሚያ ቤት ቲሸርት ያትማል። ውድድሮቹ ደግሞ ንድፉ ተለብሶ የተነሳ ፎቶ ይጠይቃሉ። እኔ ቲሸርት ስለብስ የተሰቀለ እንጂ የተለበሰ አይመስልም፤ ገመቹ ግን ደረቱ ሰፊ፣ ትከሻው የሞላ ነው። ስለዚህ ከማተሚያ ቤቱ የተበላሸ ቲሸርት ያመጣል፣ የኔን ንድፍ ያትምበታል፣ ይለብሰዋል፣ ግቢያችን ውስጥ ግድግዳው ሥር ይቆማል። ችግሩ ካሜራ ፊት ሳይስቅ መቆም አለመቻሉ ነው። ስለ እጅ መታጠብ በሚያስተምር ንድፍ ላይ ሳይቀር ይስቃል። "ዲዛይነሩ፣ ይቺስ አታመልጥህም" ይለኛል ሁልጊዜ።

ሁሉም አመለጡኝ።

የመጀመሪያው ያው የእጅ መታጠብ ቀን ነበር። ሁለት ትልልቅ እጆችና ከመሐላቸው የምትፈስ ውሃ ሣልኩ። ኮሚቴው በጣም ወደደው። ከዚያ የተባባሪ ድርጅቶችን አርማ መደርደር ተጀመረ። ዘጠኝ አርማ ከተደረደረ በኋላ ለእጅ ቦታ ጠፋ። አንድ የኮሚቴ አባል ጣቶቹ ብቻ ቢታዩስ የሚል ሐሳብ አቀረቡ፤ እኔ ተከራከርኩ፤ ተሸነፍኩ። ሕዝቡ በዕለቱ ዘጠኝ አርማ ለብሶ ወጣ። እጁን ታጥቦ ይሆን? እንጃ።

ሁለተኛው የተመራቂ ተማሪዎች ነበር። አሸናፊው የሚለየው በቴሌግራም በሚያገኘው የላይክ ብዛት ነው ተባለ። እኔ እንጭኒ ላሉ ዘመዶቼ ሁሉ ደወልኩላቸው። እነሱም በጣም አዘኑልኝ፤ ምን እንደጠየቅኳቸው ግን አልገባቸውም። አክስቴ የታመምኩ መስሏት ጠበል ላከችልኝ። አሸናፊው ልጅ ዘመዶቹ በሙሉ ስማርት ስልክ ያላቸው ነበሩ። ከዚህ ወዲያ ችሎታ ምን ያደርጋል?

ሦስተኛው እስካሁን የማፈቅረው ንድፌ ነው። የከተማ ሩጫ ሊዘጋጅ ነው ተብሎ አንድ ሯጭ ባጃጅ ቀድሞ ሲሄድ ሣልኩ። ባጃጁ ከኋላ እያለከለከ ነው፤ የፊት መብራቱ እንደ ደከመ ዓይን ተንጠልጥሏል። ገመቹ ይህን ለብሶ ሲነሳ የሳቀው ሳቅ ጎረቤት ድረስ ተሰምቷል። ነገር ግን ለሩጫው ዕለት ውሃ የሚያመላልሱት የከተማው ባጃጅ ነጂዎች ነበሩ። ንድፉን ሲያዩ ተቀየሙ። ባጃጅ በእግረኛ ሲቀደም ማሳየት ሥራችንን መናቅ ነው አሉ። ኮሚቴው ከእኔና ከውሃው መምረጥ ነበረበት፤ ውሃውን መረጠ። ገመቹ ግን ያቺን ቲሸርት አላወለቃትም። እሁድ እሁድ እየለበሳት ባጃጅ ውስጥ ይገባ ነበር።

አሁን ወደማልወደው ቦታ ደረስኩ። የአራተኛው ውድድር አዘጋጆች ጌዶ ያሉ የአንድ ትምህርት ቤት የቀድሞ ተማሪዎች ናቸው። ብዙ ለፍቼበት ነበር። ያሸነፈው ግን ከኢንተርኔት የተወሰደ የምትወጣ ፀሐይ ነው፤ ፀሐይቱን የላካት ደግሞ የሰብሳቢው የእህት ልጅ። ይባስ ብሎ ሥራው የተሰጠው ገመቹ ለሚሠራበት ማተሚያ ቤት ሆነ። ገመቹ ያቺን ፀሐይ ሳምንቱን ሙሉ ሲያትም ከረመ። ቅዳሜ ጠዋት ዕቃውን ወደ ጌዶ ሊያደርስ ሲነሳ በሬን አንኳኳ። አብረን እንሂድ አለኝ። ዕቃውን እናስረክብ፣ ጥብስ እንብላ፣ ከዚያ ያቺን ፀሐይ ፊት ለፊት ቆመን እንስደባት አለኝ። እኔ የአሸናፊ ዕቃ ተሸካሚ አይደለሁም አልኩት። ሳቀና ሄደ።

ሲመለስ የተሳፈረበት ሚኒባስ ተገለበጠ። ሌሎቹ ተሰብረው ተረፉ። ገመቹ አልተረፈም። እኔ ያን ሰዓት አልጋዬ ላይ ተጋድሜ የሌላ ውድድር ማስታወቂያ በስልኬ እያነበብኩ ነበር። አብሬው ብሄድ ምንም እንደማልፈይድ፣ ምናልባትም ሁለት እንሆን እንደነበር አውቃለሁ። የመጨረሻ ቃሌ ኩርፊያ መሆኑ ግን እስከ ዛሬ ያመኛል።

በማግስቱ እሁድ ተቀበረ። ከቀብር እንደተመለስን የሰፈሩ ወጣቶች ድንኳኑ ጥግ ተሰብስበው አንገታቸውን ደፉ። ያሳፈራቸውን ነገር የእኛ ከተማ ሰው ያውቀዋል። ወጣት ሲሞት ጓደኞቹ ፎቶው የታተመበት ቲሸርት ለብሰው ነው የሚቀብሩት። ገመቹ ለስንቱ አትሟል። ሰው እያለቀሰ መጥቶ ፎቶ ሲሰጠው ለማንም ነገ ና ብሎ አያውቅም ነበር። እሱ ራሱ ግን ሳይለበስለት ተቀበረ። ስለዚህ ቢያንስ ለሠልስቱ ይድረስ ተባለ።

እዚህ ላይ ኦቦ ቶሎሳ ገቡ። ኦቦ ቶሎሳ የዕድራችን ሰብሳቢ፣ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ያለ አጀንዳ ውሃ አይጠጡም። የቀረበው ንድፍ ሦስት መሆኑን ሲሰሙ ሐዘንም ቢሆን ሥርዓት አለው አሉና ደብተር አስመጡ። ጉዳዩ በድምፅ ብልጫ ይወሰናል አሉ። ልብ አድርጉ፤ የምንነጋገረው ስለ ልቅሶ ድንኳን ነው።

አንደኛው ንድፍ የሰፈሩ ወጣቶች ነው። ገመቹ ክንፍ ተቀጥሎለት፣ ደመና ላይ ተቀምጦ፣ አራት እርግብ ከበውታል። ፎቶው ከመታወቂያው የተወሰደ ስለሆነ ፊቱ የተቆጣ ነው፤ እርግቦቹን ሊያባርር የተነሳ ይመስላል። ሁለተኛው የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ያመጡት ነው። ከፊት "ምንጊዜም አንረሳህም" ይላል፤ ከጀርባ የማተሚያ ቤቱ ስልክ ቁጥር አለ። ለምን ተብለው ሲጠየቁ፣ ልማድ ሆኖባቸው እንደሆነ ተናግረው አለቀሱ። ውሸት አልነበረም።

ሦስተኛው የኔ ነው። መወዳደር አልፈለግኩም ነበር ብዬ ልምልላችሁ እችላለሁ፤ ግን መሐላው ሐሰት ይሆናል። እነዚያን ሁለቱን ሳይ ውስጤ የሆነ ነገር ቀና አለ። ጓደኛዬ በተቀበረ ዕለት፣ የእናቱ ለቅሶ ከድንኳኑ ማዶ እየተሰማኝ፣ እርግቦቹ በዝተዋል፣ ፊደሉ ወፍሯል፣ እኔ እበልጣለሁ ብዬ አሰብኩ። ሰው ራሱን የሚጠላበት ቀን ካለ ያ ቀን ነው።

ክፍሌ ገብቼ ስልኬ ላይ ያሉትን ፎቶዎች ከፈትኩ። ገመቹ የሚስቅባቸው ፎቶዎች በሙሉ ያነሳኋቸው እኔ ነኝ፤ በሁሉም ላይ የለበሰው የተሸነፈ ንድፌን ነው። ከሁሉም ያማረው ባጃጁን የለበሰበት ሆነ። ለልቅሶ አይሆንም ብዬ ሯጩንና ባጃጁን ከደረቱ ላይ ማጥፋት ጀመርኩ። ባጃጁን አጠፋሁ። ሯጩን አጠፋሁ። ባዶ ደረት ይዞ ሲስቅብኝ የማላውቀው ሰው ሆነብኝ። ሁለቱንም መለስኳቸው። ከሥሩ ስሙን ብቻ ጻፍኩ፤ በአማርኛም በኦሮምኛም።

ስልኬ ድንኳኑ ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ኦቦ ቶሎሳ መነጽራቸውን አድርገው አዩና ባጃጁ ምን ሊሠራ መጣ ብለው ጠየቁ። ለሩጫ ውድድር የሠራሁት መሆኑንና እንዳልተሳካልኝ አስረዳሁ። ሞት በመኪና ሆኖ ሳለ ባጃጅ ማሳየት አይከብድም ወይ አሉ። ከኋላ የተቀመጡ አንድ የባጃጅ ነጂ ግን ተነሡና ገመቹን እንዲህ ነው የምናውቀው፣ ይህንኑ ለብሶ እየገባ ሲያበሽቀን ኖሯል፣ በዚህ ይሁን አሉ። ከዚያ ተቀመጡ።

እጅ ይውጣ ተባለ። ለእርግቦቹ ጥቂት፣ ለማተሚያ ቤቱ ንድፍ ባለቤትየው ብቻ፣ ለኔ የቀረው ሁሉ ወጣ። ኦቦ ቶሎሳ ደብተራቸው ላይ ጻፉና ጮክ ብለው አነበቡ፤ በዚህም መሠረት አሸናፊው ሦስተኛው ንድፍ ሆኗል አሉ። ስብሰባ የለመደ ሕዝብ ነንና ሁለት ሦስት ሰው ማጨብጨብ ጀመረ። ወዲያው የት እንዳሉ ትዝ አላቸውና እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ደበቁ።

ማክሰኞ ጠዋት ሰፈሩ በሙሉ ለብሶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጣ። ባጃጆቹ ሥራ አቁመው ተሰለፉ፤ ነጂዎቹም ለብሰዋል። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የነደፍኩት ነገር በመንገድ ላይ ሲሄድ አየሁ። ከፊት አየሁት፣ ከጎን አየሁት። ቀለሙ አልደበዘዘም፣ ፊደሉ አልተጣመመም። ጥሩ ሥራ ነበር፤ ጥሩ መሆኑም አስጠላኝ።

ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ድንኳኑ ውስጥ ስንቀመጥ አዴ ጫልቱ አስጠሩኝ። ከጥቁር ቀሚሳቸው በላይ ያንኑ ቲሸርት ደርበዋል። ድምፃቸው ከልቅሶ ብዛት ተዘግቷል። እጄን ያዙና አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ኩርፊያዬን ሰምተው ይሆናል፣ ለምን አብረህ አልሄድክም ሊሉኝ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ፤ ቢሉኝም ይገባኝ ነበር።

"ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ አሸነፍክ አሉኝ" አሉ።

ቀና ብዬ አየኋቸው።

"ገመቹ ፎቶ በተነሳ ቁጥር፣ ይሄ ልጅ አንድ ቀን ያሸንፋል፣ ያን ጊዜ ሄደሽ ደስታሽን ሳትነግሪው እንዳታድሪ ይለኝ ነበር። እሱ የለም ብዬ አደራውን ልብላ?" አሉና እጄን አጥብቀው ያዙኝ። "እንኳን ደስ ያለህ።"

አስተዳደግ ክፉ ነገር ነው። ሰው ለሰላምታ መልስ፣ ለምርቃት አሜን፣ ለደስታም የራሱ መልስ እንዳለው ሲማር ነው የሚያድገው፤ መቼ ዝም እንደሚባል ግን የሚያስተምረው የለም። ድንኳን ሙሉ ሕዝብ ልጃቸውን ደረቱ ላይ አድርጎ እያየኝ፣ አፌ እኔን ሳያማክር ተከፈተና ለአዴ ጫልቱ መለሰላቸው፤

"እንኳን አብሮ ደስ ያለን።"