የምክትል ሊቀመንበሯ ጀሪካን

ተረት ልጀምር ነውና ጆሯችሁን ወዲህ በሉ። ድሮ፣ ስብሰባ ገና አዲስ ነገር በነበረበት ዘመን፣ ወንዙ የራቀው አንድ ጫካ ነበር። ውሃ የሚቀዱት ሴቶቹ እንስሳት ናቸው። ወንዶቹማ ዋርካው ጥላ ሥር ተጋድመው ስለ ውሃ እጥረት ይወያያሉ!

አንድ ቀን ሚስተር ሽመላ ከባሕር ማዶ መጣ።

"የምትመርጡትን አንድ ሥራ እሠራላችኋለሁ" አለ። "ግን ኮሚቴው ውስጥ ሴት ካልገባች አንዲት አካፋ አላነሳም።"

ሊቀመንበሩ አያ ዝንጀሮ ደረቱን ነፋ። "ምን ችግር አለ! እመት አህያ ምክትሌ ትሁን።" ጭብጨባው ቀለጠ።

እመት አህያ ከልቧ ደስ አላት። ባለፈው ክረምት የበኩር ልጇን አዞ ከወንዙ ዳር ወስዶባታል። አሁን ደግሞ ትንሿ ውርንጭላ እየተከተለቻት መውረድ ጀምራለች። እዚህ ጉድጓድ ከተቆፈረ ልጇ ተረፈች ማለት ነው። ይህንኑ ለመናገር ስትዘጋጅ ሰነበተች።

በስብሰባው ቀን ሚስተር ሽመላ ስለ ሴቶች እኩልነት ተናገረ። አቤት ንግግር! ጉሮሮው እስኪደርቅ ተናገረ።

"እመት አህያ፣ እንግዳችን ውሃ ጠማው እኮ" አላት አያ ዝንጀሮ። "ቶሎ ቅጂና ነይ።"

"ስለ ጉድጓዱ ሳልናገር?"

"ኧረ ሳትመጪ አንጀምርም!"

አምናው ሄደች፤ ሞኚት! ጀሪካኑን ተጭና፣ ላብ በላብ ሆና ስትመለስ ድምፅ ተሰጥቶ አልቋል። ስለ ጉድጓዱ በደንብ የሚመከርበት የስብሰባ አዳራሽ ይቅደም ተብሏል። ከኋላዋ ውርንጭላዋ እየተንቀጠቀጠች ቆማለች። አዞው የጅራቷን ጫፍ ቆርጦ አስቀርቶታል።

ማንም ዞር ብሎ አላያትም።

"ሴቶች ተሳትፈዋል?" ሲል ጠየቀ ሚስተር ሽመላ፣ ውሃውን እየጠጣ።

"ምን ጥያቄ አለው! የያዙትን ውሃ ማን አመጣው?" አለ አያ ዝንጀሮ። ሽመላም ደስ ብሎት ክንፉን አማታ። "እመት አህያ፣ ለምሳው ደግሞ አንዴ ወረድ በይልን እንጂ" አላት አያ ዝንጀሮ።

እመት አህያ ተሰብሳቢው ጠጥቶ የጨረሰውን ጀሪካን ከጀርባዋ አወረደች። ገመዱን አያ ዝንጀሮ አንገት ላይ አጠለቀችና ሄዳ የሊቀመንበሩ ወንበር ላይ ዘፍ አለች።

"ይሂዱ፣ ክቡር ሊቀመንበር" አለችው። "ሳይመጡ አንጀምርም። ወንዙ ዳር ሲደርሱ ብቻ ጅራትዎን ሰብሰብ ያድርጉ።"