«ቀላል ነው» ባዩና የመስኖ ተራችን

መቼ እንደሆነ በደንብ አላስታውስም፤ ብቻ ማሽላው ውሃ የጠማው ሰሞን ነው። ያላዩትን ነገር ሁሉ «ቀላል ነው» የሚሉ ሰዎች ገጥመዋችሁ ያውቃሉ? ጎረቤቴ አያ አበጋዝ አንዱ ነው።

ልጄ ዘነበች የመስኖ ተራችንን በምትጽፍበት ኮምፒውተር ውስጥ ዊንዶውስና ሊኑክስ የሚባሉ ሁለት ማስኬጃ ሥርዓቶች አንድ ዲስክ ተካፍለው ይኖራሉ። አንድ ቀን «የዊንዶውሱ በኩል ሞላ፣ የሊኑክሱ ግን ባዶ ነው» አለችን። እኔስ ስንት የእርሻ ወሰን ያስታረቅኩ ሽማግሌ አይደለሁ? «ጦሙን ካደረው ቆርሳችሁ ለጠበበው ስጡ» ብዬ ፈረድኩ። አያ አበጋዝም «ቀላል ነው!» ብሎ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጠና የሁለቱን ወሰን ጭራሽ አጠፋው። ኮምፒውተሩ በሁለቱም በኩል አልነሳ አለ፤ የተራው ዝርዝርም እዚያው ቀረ።

ወሬው ሲሰማ፣ በማግስቱ ተራው ያልሆነ ገበሬ ጠፋ! አካፋ የተሸከመው ሁሉ «ዛሬማ የኔ ነው፣ ዘነበች ራሷ ነግራኛለች» ይላል።

ዋጃ ከተማ ወርደን ኮምፒውተሩን ስልክ ለምትጠግነው ለሐዋ ሰጠናት። አይታ ሳቀች።

«አብሽሩ አባባ፣ መሬቱ አለ። የጠፋው የወሰኑ ምልክት ነው። ምነው፣ ባለመሬቱን ሊኑክስን ሳትጠሩ ነው እንዴ የምታካልሉት?»

ምልክቱን መልሳ ስትተክል ዝርዝሩ ወጣ። የዕለቱ ባለተራ ለካ አካፋ ይዘው ያልመጡት እትዬ ዘውዴ ኖረዋል! ማሽላቸው ውሃ የጠጣው እንግዲህ በኔ ፍርድ አይደለም፤ በሐዋ ነው።