ወደ ቀኝ የሚዞር ሞተር

የተጻፈ ነገር ሲታረም የሚደነግጥ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን በደርግ ጊዜ ሸዋ ሮቢት ላይ ገጥሞኛል። የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር ጋሼ ይማም ደግ ሰው ነበሩ፤ ግን የገዛ ጥላቸውን እንኳ «ማን ልኮህ ነው?» ሳይሉ አያሳልፉም።

እኔ የማኅበሩ የውሃ ሞተር ሠራተኛ ነበርኩ። አሮጌው ሞተር ተነሥቶ አዲስ ሲተከል፣ የሞተር ቤቱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው መመሪያ የአሮጌው እንደሆነ ቀረ። «እጀታውን ወደ ግራ አዙር» ይላል፤ አዲሱ ግን የሚነሣው ወደ ቀኝ ሲያዞሩት ነው። ተረኛው ገበሬ መመሪያውን አምኖ ወደ ግራ ሲታገል ይውላል፤ ሽንኩርቱ በዚያ ሐሩር ይጠወልጋል። «ግራ» የሚለውን ሰርዤ «ቀኝ» ብዬ ጻፍኩ።

ጋሼ ይማም ይህን ሲያዩ በሩን ዘጉ።

«ሰፊውን ሕዝብ ወደ ቀኝ የምታዞረው ማን አዞህ ነው?»

«ሞተሩ ነው፣ ጋሼ።»

«ሞተሩስ ከየት ነው የመጣው?»

ያኔ ቀኝ መንገደኛ መባል የሚያስቀልድ ነገር አልነበረም። «ይመለስ ካሉ እመልሰዋለሁ፤ ሽንኩርቱ ግን ዛሬ ውሃ ካላገኘ አለቀ» አልኳቸው። የእሳቸውም ሽንኩርት እዚያው ነበር። ወንዙ ወዳለበት አየት አደረጉና፣ «ቀኝም ግራም አትበል። ‹ወደ ወንዙ አዙር› ብለህ ጻፍ» አሉኝ።

ጻፍኩ። ተረኛው አንብቦ ሲያዞረው ሞተሩ ተነሣ፤ ውሃውም ማሳው ውስጥ ገባ። «አልሐምዱሊላህ» አልን ሁለታችንም። ጋሼ ይማም ግን በሩ ላይ ቆመው ወንዙን በጎሪጥ ያዩት ጀመር።

«ለመሆኑ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይሄን ወንዝ በቀኝ በኩል ያደረገው ማነው?»