ውርጭን ከውል ያወጣው ጠበቃ

ሰው ሙያ ሲማር ፍርሃትም አብሮ ይማራል። ሾፌር ፍሬን ይፈራል፣ ግንበኛ መሠረት ይፈራል፤ ሁለት ሙያ የተማረ እንደሆነማ አያድርስባችሁ። እኔ መጀመሪያ ኢኮኖሚክስ፣ ቀጥሎ ሕግ ተምሬ፣ ደብረ ብርሃን ላይ የንግድ ጠበቃ ሆኛለሁ። በውስጤ ያለው ኢኮኖሚስት «ይህ ነገር ያዋጣል» ሲል ጠበቃው «ባያዋጣስ?» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ የምሰማው ጠበቃውን ነው።

አምና ሰኔ ግን ኢኮኖሚስቱን ሰማሁት።

በአንኮበር መንገድ ያሉ አሥራ አንድ ገበሬዎች ለአንድ የብቅል ፋብሪካ ገብስ ሊያቀርቡ ነበርና ውል አርቅቅልን ብለው መጡ። ገብሱን በቀኑ ካላስረከቡ ከገበያ ገዝተው ይተካሉ፤ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ካልገጠማቸው በቀር። «ከአቅም በላይ» የሚባለውን ስንዘረዝር ፋብሪካው፣ ውርጭ ከዝርዝሩ ከወጣ ዋጋ እጨምራለሁ አለ። እኔም የአየር ጠባይ መዝገብ አገላብጬ፣ ደምሬ ቀንሼ፣ «ያዋጣል» አልኩ። የደብረ ብርሃንን ብርድ ጠጥቶ ያደገ ሰው፣ እስቲ አሁን ውርጭን እንዲህ ይንቃል?

ተጠሪያቸው ጋሽ ደምሴ ሁለት በሬ ብቻ ያላቸው ሽማግሌ ናቸው። ውሉን ሳነብላቸው ሲያዳምጡ ቆይተው፣

«ውርጭ የሚለው የታለ?» አሉኝ።

«አውጥቼዋለሁ፣ ጋሽ ደምሴ። ውርጭ ቢመታችሁም ትተካላችሁ፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል።»

ትክ ብለው አዩኝና «አንተ ካወጣኸውማ ይውጣ» ብለው ፈረሙ።

ጥቅምት ገባ፣ ሰማዩ ጠራ። የጠራ ሰማይ ለሙሽራ ደስ ይላል፤ ለገብስ ግን የውርጭ ዋዜማ ነው። ገና ጎህ ሳይቀድ እየተነሣሁ የጓሮውን ሣር እዳብስ ጀመር። ሚስቴ «ምን ጠፍቶህ ነው?» ትለኛለች። ምን ልበላት? ውርጭ ከወረደ ጋሽ ደምሴ ገብሱን ለመተካት በሬዎቻቸውን ይሸጣሉ፤ ያለ በሬ ደግሞ የከርሞ እርሻ የለም። ፈራሁ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ችሎት ፊት ቆሜ እንዲያ ፈርቼ አላውቅም። አንድ ጠዋት ሣሩን ነጭ ሆኖ አገኘሁትና ወደ ስልኬ ሮጥኩ። ስደውል ጋሽ ደምሴ «እኛ ዘንድ ደህና ነው፣ አይዞህ» አሉኝ። ደንበኛ ጠበቃውን ሲያጽናና ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ገብሱ በደህና ታጭዶ ገባ። እኔም ተመስገን ብዬ፣ ለዘንድሮው ውርጭን ወደ ዝርዝሩ የመለሰ ረቂቅ አዘጋጀሁ። ዋጋው ቢቀንስ ይቀንስ።

ባለፈው ሳምንት ጋሽ ደምሴ አርባ ያህል ገበሬ አስከትለው መጡ። ቢሮዬ ሞልቶ ኮሪደሩም ሞላ። ረቂቁን ሳነብ የጋሽ ደምሴ ፊት ጠቆረ።

«ውርጩን ምን ሲሆን መለስከው?» አሉ።

«ዘንድሮ ቢመጣስ ብዬ ነዋ።»

«እንዴት ተደርጎ ይመጣል? አባትህ መርጌታ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አንኮበር ሳሉ በጸሎት በረዶ ይመልሱልን ነበር። አንተ ደግሞ አምና ውርጩን ከወረቀት አወጣኸው፤ ቀረ። ታዲያ ዘንድሮ ምን አስቀየምንህ?»

ላብ አጠመቀኝ። «ኧረ በእግዚአብሔር፣ ጋሽ ደምሴ! እኔ ጸሎትም ድግምትም አላውቅም። አምና የሠራሁት ኢኮኖሚክስ ነው!»

ጋሽ ደምሴ ወደ ሕዝቡ ዘወር አሉ።

«ሰማችሁ? ስሙንም ነገረን።»

ውርጩ ይውጣ ብሎ አርባ አውራ ጣት ወደ ቀለሙ ተዘረጋ።