መደርደሪያ ያጣችው መጽሐፍ

በእኛ ጊዜ የትምህርት ቤት መጻሕፍት ቤት ኃላፊ እንዴት ይሾም እንደነበር ልንገራችሁ። ድምፁ የተዘጋ መምህር ይሾማል። ከዳይሬክተሩ ጋር የተኳረፈም ይሾማል። «በል እንግዲህ፣ መጽሐፍ እንዳይጠፋ» ተብሎ ቁልፍ ይሰጠዋል፤ እርሱም ቁልፉን ኪሱ ከትቶ በሩን አይከፍትም። ያልተከፈተ ቤት ምን ይጠፋበታል? እኔን ያሾመኝ ድምፄ ነው። ከወሎ መጥቶ አስመራ ላይ ጨርቅ ሲቸረችር የኖረው አባቴ ይህን ሲሰማ፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ዝም ብለህ የምትበላበት ሥራ አገኘህ» አለኝ።

ዝም ብሎ መብላት ግን አልሆነም። በየጠቅላይ ግዛቱ መጻሕፍት ቤቶች ይደራጁ፣ ኃላፊዎቻቸውም ይሠልጥኑ ተባለና በክረምቱ ዕረፍት ከየትምህርት ቤቱ ተሰብስበን የእኛው መጻሕፍት ቤት ውስጥ ተቀመጥን። አሠልጣኛችን ወይዘሪት ሰናይት ከአዲስ አበባ የመጡ ቀጭን ሴት ነበሩ፤ የመጽሐፍ ጠርዝ ያጠፈ ሰው ካዩ ልጃቸው የተመታ ያህል ይቆጣሉ። ከርሳቸው ጋር ሻሂ ስንጠጣ እንስቃለን፤ ቃላችንን ግን እንመርጣለን። ጊዜው እንዲያ ነበር። ፌዴሬሽኑ ፈርሶ ኤርትራ ጠቅላይ ግዛት ተብላለች፤ ትግርኛ ከመማሪያ ክፍል ወጥቷል፤ በአንዲት ቃል የተነሣ ከቤቱ ተወስዶ ያልተመለሰ ሰው የማያውቅ በመካከላችን አልነበረም።

በመጨረሻው ቀን የተግባር ፈተና ሆነ። ለየራሳችን የመጽሐፍ ክምር ተሰጠንና በየቦታው እንድናኖር ታዘዝን። ስለ አገር የሚያወሩት በሁለት ይከፈላሉ፤ አንዱ መደርደሪያ «ኢትዮጵያ»፣ ሌላው «የውጭ አገር» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ይህን ለማየት አንድ ተቆጣጣሪ መጡ። አብሯቸው ሌላ ሰውዬ ገባ። ስሙን አልነገረንም። መጽሐፍም አላየም፤ የሚያየው ሰው ሰዉን ነበር።

ሁላችንም ጨርሰን ስንቀመጥ ጸጸራት በሚባለው ሰፈር የሚያስተምሩት ሽማግሌ፣ መምህር ተኽለ፣ ብቻቸውን ቆመው ቀሩ። የያዟትን መጽሐፍ አወቅኋት። በፌዴሬሽኑ ጊዜ በትግርኛ የታተመች፣ የኤርትራን ተራራና ወንዝ ለተማሪ የምታስረዳ ቀጭን መጽሐፍ ናት። ክምሩ ውስጥ ማን እንደጨመራት አላህ ይወቅ።

«መምህር፣ ምን ያቆምዎታል?» አሉ ተቆጣጣሪው።

«ቦታዋን እየፈለግሁላት ነው።»

«ኢትዮጵያ ያቻትና ከፊትዎ!»

«እወ፣ ሓቅዎ ነው፤ አየኋት» አሉ መምህር ተኽለ ረጋ ብለው። «መደርደሪያው ሞልቷል። ብገፋት፣ ብገፋት አልገባ አለች።»

መደርደሪያው በእርግጥ ሞልቶ ነበር። ግን በዚያ ክፍል ውስጥ ነገሩን የመደርደሪያ ነገር አድርጎ የሰማ አልነበረም። ሰውዬው ከተደገፈበት ግድግዳ ተላቀቀ።

«እስቲ ይድገሙልኝ» አለ።

ይኼኔ ወይዘሪት ሰናይት ተነሡ። መጽሐፏን ከሽማግሌው እጅ ተቀበሉና ለእንግዶቹ ጀርባ ሰጥተው ገለጥ አደረጓት። እኔ ፊት ለፊታቸው ነበርሁና አየሁ። ጮክ ብለው እየሳሉ ሽፋኗን ከስፌቷ ሸረከቱት። ከዚያም ዘወር ብለው፦

«መምህር ተኽለ! የተቀደደ መጽሐፍ መደርደሪያ አይወጣም ብዬ አላስተማርሁም? ወደ ጥገና ጠረጴዛ!»

«ደንብ ነው፣ ደንብ ነው» አሉ ተቆጣጣሪው፣ ላባቸውን እየጠረጉ። ሰውዬው ሽፋኑን አየ፤ ሴትዮዋን አየ፤ ሽማግሌውን አየ። በተቀደደ ሽፋን ማን ይታሰራል? ወጣ።

ክፍሉ ባዶ ሲሆን ምስጋና ይዥጎደጎዳል ብዬ ጠበቅሁ። ሽማግሌው ግን ነደዱ።

«መጽሐፍ ይቀደዳል? እኔን ይውሰዱኝ እንጂ! ሽማግሌ በያለበት ሞልቷል፤ እርሷ ግን ሌላ የላትም!»

ወይዘሪት ሰናይት ሙጫና ብሩሽ አምጥተው ተቀመጡ። በአንድ እጅ ሙጫ መቀባት፣ በሌላው ሽፋኑን መያዝ አልሆነላቸውም። መምህር ተኽለ ይህን ሲያዩ ወንበር ስበው ሽፋኑን ያዙላቸው። ሲጨርሱ ቀስ ብለው በትግርኛ «የቐንየለይ» ሲሉ አመሰገኑ። ለማን እንዳሉ ግን እንጃ፤ ዓይናቸው መጽሐፏ ላይ ነበር።

አሠልጣኟ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፤ መጽሐፏ በእኔ እጅ ቀረች። መደርደሪያ አላወጣኋትም፤ ከጥገና ጠረጴዛውም አላነሣኋትም። ተማሪውም ልማዱ ሆነና፣ የተደረደረውን ሁሉ አልፎ በቀጥታ ወደ ተቀደደው ይሄድ ጀመር።

በዓመቱ ተቆጣጣሪው ተመልሰው መጡ። ከጠረጴዛው አጠገብ ቆሙ።

«ይህች ዛሬም እዚህ ናት?»

«አዎን ጌታዬ፤ ሙጫው አልደረቀም።»

ሽፋኗን በጣታቸው ዳበሱት። ደርቆ እንደ ድንጋይ ጠንክሯል። ቀና ብለው አዩኝ።

«የዘንድሮው ዝናብ ብርቱ ነው» አሉና አለፉ። በመስኮቱ የሚገባው የአስመራ ፀሐይ ዓይን ያጭበረብር ነበር።